ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ ጠበል ወይስ አዲስ አበባ? የአመጋገብ ሕመም ሲጠረጠር በጎጃም የት እንሂድ

በጎጃም ቤት ምግብ የማይበላ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም። እናት «በሞቴ» ትላለች፣ አክስት «አፈር ስሆን» ትላለች፣ ጎረቤትም ጉርሻ ይዛ ትነሳለች። ስለዚህ አንዲት ልጅ መብላት ብታቆም ቤተሰቡ ቶሎ የሚያውቅ ይመስለናል። አያውቅም። አምስት ሰው በአንድ ትሪ ሲበላ ማን ስንት እንደጎረሰ የሚቆጥር የለም። ልጅቷ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ወጡ ላይ ታንከባልለዋለች፣ ከዚያ ለታናሽ ወንድሟ ታጎርሰዋለች። ቀጥሎ ለአባቷ ታጎርሳለች። ጣቷን ልሳ «ጠገብሁ፣ ተመስገን» ትልና እጇን ልትታጠብ ትነሳለች። ቤቱ በሙሉ ደግነቷን ያደንቃል። እሷ የቀመሰችው ግን ሁለት ጉርሻ አይሞላም።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ነገር በራሳችሁ ወይም በቤታችሁ ሰው ላይ ለጠረጠራችሁ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ያለን ሰዎች ያሉንን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የትኛው ለማን እንደሚሻል የማምንበትን እናገራለሁ። አቋሜን ከአሁኑ ላስታውቅ። መጀመሪያ የሚታየው የሰውነት አደጋ ነው። አደጋ ከሌለ ደግሞ በየሳምንቱ የምታገኙት ባለሙያ፣ አንዴ አይቶ ከሚሸኛችሁ ትልቅ ስም ይበልጣል።

መጀመሪያ፣ ይህ ሕመም ምንድን ነው?

ሐኪሞች በዋናነት ሦስት ዓይነቱን ይለያሉ። አኖሬክሲያ ያለበት ሰው መወፈርን አጥብቆ ይፈራል፣ ምግብ እየቀነሰ ከሚገባው ክብደት በታች ይወርዳል፣ ከስቶም ቢሆን ገና ወፍራም ነኝ ብሎ ያምናል። ቡሊሚያ ያለበት ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላል፣ ማቆም ያቅተዋል። ከዚያ የበላውን ለማካካስ ሆን ብሎ ያስመልሳል፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስዳል ወይም ራሱን በረሃብ ይቀጣል። በሦስተኛው ዓይነት ከቁጥጥር የወጣ መብላት አለ፣ ማካካሱ ግን የለም። ሰውየው ተደብቆ ይበላል፣ በኋላ በኀፍረት ይሸማቀቃል።

ቡሊሚያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አይከሳም። «ደልደል ብላለች፣ ምን ሆነች?» እየተባለ ዓመታት የሚያልፉት ለዚህ ነው። ወንዶችንም ይይዛል። ጂም የሚመላለስ ወጣት ከገበታ እየሸሸ፣ አንድ ቀን ስፖርት ቢቀርበት መላ ቀኑ የሚበላሽበት ከሆነ ነገሩ ከስፖርት አልፏል።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው ጾሙ ነው። በኦርቶዶክስ ቤት ለምእመናን የታዘዘው ጾም ተደምሮ በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን አያንስም። የዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል የሚከበርበት ቤት ውስጥ፣ በሕመም የማይበላ ሰው ጿሚ መስሎ ብዙ ወራት ሊኖር ይችላል። እንዴት ይለያል? ጾሙ ሲፈታ እዩ። ጿሚ ሰው ፋሲካን ይናፍቃል፤ የዶሮው ሽታ ሌሊቱን ያነቃዋል። የታመመው ሰው ግን ፋሲካ ሲቃረብ ይጨነቃል፣ ፊቱ ይለዋወጣል፣ ሌላ ሱባኤ ይፈልጋል። ከሰው ቀድሞ ጾም ይጀምራል፣ ከሰው በኋላ ይጨርሳል። ሲጾም ስለ ነፍሱ ከማሰብ ይልቅ ስለ ወገቡና ስለ ሚዛኑ ያስባል። እንዲህ ያለውን ሰው «ጾሙን አበዛኸው» ብሎ መቆጣት አይጠቅምም። ለብቻው ወስዶ «ጾሙ ሲፈታ ምን ይሰማሃል?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያናግረዋል።

እንግሊዝ አገር ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሟቸው፣ ስኮፍ በሚል ስም የሚታወቁ አምስት ጥያቄዎች አሉ። በእኛ አነጋገር እንዲህ ይሆናሉ። ከመጠን በላይ እንደ ጠገባችሁ ሲሰማችሁ ሆን ብላችሁ ታስመልሳላችሁ? የምትበሉትን መጠን መቆጣጠር አቅቶኛል ብላችሁ ትጨነቃላችሁ? በቅርቡ በሦስት ወር ውስጥ ከስድስት ኪሎ በላይ ቀንሳችኋል? ሰው «ከሳህ» እያላችሁ እናንተ ወፍራም እንደሆናችሁ ታምናላችሁ? ምግብ ሕይወቴን ገዝቶታል ትላላችሁ? ሁለቱንና ከዚያ በላይ «አዎ» ያለ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጥያቄዎቹ ጥርጣሬን ያጠናክራሉ እንጅ በሽታው ይህ ነው ብለው አይወስኑም። ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ድንገተኛ ነው ወይስ ቀጠሮ ይጠብቃል?

ከሁሉም ምርጫ የሚቀድመው ይህ ነው። ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ከወጋው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም በእረፍት ላይ በደቂቃ ከ40 በታች ከመታ፣ ደም ካስመለሰ፣ ውኃም አልጠጣም ካለ፣ ቁጢጥ ካለበት እጁን ሳይደገፍ መነሳት ካቃተው፣ ግራ የተጋባ ንግግር ከጀመረ፣ ወይም መሞት እፈልጋለሁ ካለ አማራጭ አይወዳደርም። በቀጥታ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። የስኳር ታማሚ ሆኖ ለመክሳት ሲል ኢንሱሊኑን የሚዘልም እዚሁ ውስጥ ይገባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ካልተገኘ ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና፣ የተገኘው ይሻላል።

ሞጣ ያለ ሰው «ባሕር ዳር ይሻላል» ብሎ የሞጣን ሆስፒታል አልፎ መሄድ የለበትም። ፍኖተ ሰላም ያለውም እንዲሁ። መጀመሪያ ቅርብ ያለው ያረጋጋው፤ ሪፈሩ ከዚያ ይመጣል።

እዚህ ላይ በደንብ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ በፍቅር የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ለሳምንታት ወይም ለወራት ያልበላ ሰው «በል» ሲባል እሽ ካለ፣ ቤቱ ደስ ብሎት ቅቤውን፣ ዶሮውን፣ ማሩን በአንዴ ያቀርባል። ይህ ሊገድል ይችላል። ሰውነት በረሃብ ከቆየ በኋላ ድንገት ብዙ ምግብ፣ በተለይ ስኳርና እንጀራ የመሰለ ኃይል ሰጪ ሲገባበት፣ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዢየም በፍጥነት ይወርዳል። ልብ ይዛባል፣ መተንፈስ ይከብዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተርበው ከነበሩ እስረኞች መካከል አንዳንዶቹ ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱት በዚህ ነበር። ስለዚህ እጅግ የከሳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚበላው በሐኪም ክትትል፣ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ነው።

ጉሉኮስም ያው ነው። «ጉሉኮስ ይሰቀልላትና ትነሳለች» ማለት በየክሊኒኩ የለመድነው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የተራበ ሰው ግን ቫይታሚን ቢ አንድ ሳይሰጠውና የደም ጨዎቹ (ፖታሲየምና መሰሎቹ) ሳይታዩ ጉሉኮስ ብቻ ቢሰቀልለት ሊጎዳው ይችላል። ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ይህን በግልጽ ንገሩ፦ «ይህን ያህል ጊዜ አልበላችም። ጉሉኮሱ ከመሰቀሉ በፊት ቢ አንድና የደም ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነ ይዩልን።» ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ስንት ጊዜ እንዳልበላች የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ ከየት ያውቀዋል?

ጤና ጣቢያ ወይስ የግል ክሊኒክ?

አደጋው ካልደረሰ ለአብዛኛው ሰው መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ መንገዱ በዚያ በኩል ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። የሚከሳ ሰው ሁሉ የአመጋገብ ሕመም የለበትም። ቲቢ ያከሳል፣ ኤች አይ ቪ ያከሳል፣ ስኳር ያከሳል፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛት ያከሳል፣ የሆድ ትላትሎችና ድብርትም እንዲሁ። እነዚህን ሳያጣሩ «ቲክቶክ አይታ ነው» ማለት ስህተት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹን ደግሞ ጤና ጣቢያው ራሱ ይመረምራል፣ ያልቻለውን ይልካል።

ድክመቱም መነገር አለበት። ይህን ሕመም አይቶ የማያውቅ ባለሙያ ሊገጥማችሁ ይችላል። «ጨጓራ ነው» ተብላችሁ የጨጓራ ኪኒን ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። የሚያስመልስ ሰው ጨጓራው መቃጠሉ አይቀርም፣ ስለዚህ መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ግን ሆን ብላችሁ እንደምታስመልሱ ካልተናገራችሁ ማንም አይደርስበትም። አንዳንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ አለው። ካርድ ክፍል ስትደርሱ «የአእምሮ ጤና ነርስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ፣ በእኔ ግምት ከምታገኙት ሁሉ ትልቁ ዕድል ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በየሳምንቱ ልትመለሱበት ትችላላችሁ።

የግል ክሊኒክ ወረፋው ያጥራል፣ የሚያውቃችሁ ሰውም ላይኖር ይችላል። በትንሽ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካርድ ክፍል የምትሠራው የአክስታችሁ ጎረቤት ስትሆን የምትናገሩት ይቀንሳል። ኀፍረቱ ጨርሶ የሚያስቀራችሁ ከሆነ ክሊኒክ ሂዱ፣ ከመቅረት ይሻላል። ግን ብዙው ክሊኒክ ደም ወስዶ፣ ታይፎይድና ጨጓራ ፈልጎ፣ መድኃኒት ጽፎ ይሸኛል። ክትትል ላይ ደካማ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ የደም ጨው ምርመራና ኢሲጂ (የልብን አመታት የሚያሳይ ምርመራ) ካላቸው ለዚያ አውሉት።

ትልልቆቹ ሆስፒታሎች

በጎጃም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ፍለጋ የሚኬደው በዋናነት ወደ ደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ወደ ፈለገ ሕይወትና ወደ ጥበበ ጊዮን ነው። እነዚህ ከጤና ጣቢያ የሚለዩበት ዋናው ነገር ሰውነትንና አእምሮን በአንድ ግቢ ማየታቸው ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ልብና ደሙን ያያል፣ ሳይካትሪስቱ ሐሳብና ስሜቱን። ለዚህ ሕመም ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ብቻውን ሲይዘው ሌላው ወገን ይቀራል።

ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅም። ለዚህ ሕመም የተዘጋጀው የንግግር ሕክምና ክብደቱ ብዙ ላልወረደ ሰው በተለምዶ 20 ጊዜ ያህል መገናኘት ይጠይቃል፤ በጣም ለከሳ ሰው እስከ 40 ይደርሳል። መድኃኒትም አለ። ለቡሊሚያ ፍሉኦክሰቲን የሚባለው ይረዳል፣ ሐኪም ያዘዋል። ለአኖሬክሲያ ግን በመድኃኒት ብቻ የሚድን የለም። ዋናው መድኃኒት በሥርዓት የሚሰጥ ምግብና ክትትል ነው። ስለዚህ ኪኒን ብቻ ጽፎ «ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ» የሚል ሐኪም ካገኛችሁ፣ በመካከል የሚያያችሁ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ነርስ ሊሆን ይችላል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊሆን ይችላል፣ በወረዳችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። መልስ ሳታገኙ አትውጡ።

ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ መድኃኒት አትጀምሩ። ለመክሳት ተብሎ የሚሸጥ ሻይም ኪኒንም፣ ሆድ ለማጠብ የሚጠጣ ኮሶም በዚህ ሕመም ላይ እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

አዲስ አበባ መሄድ

ሀብት ያለው ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። በርግጥ እዚያ ያለው የባለሙያ ብዛት እዚህ የለም። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ክፍል አላቸው፣ የግል ሳይካትሪስቶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ይገኛሉ። ግን ለአመጋገብ ሕመም ብቻ የተለየ ክፍል ይጠብቀናል ብላችሁ አትሂዱ። «አማኑኤል ገባች» የሚለው የሰው ወሬም ቤተሰቡን ያሸማቅቃል። ወሬውን ፈርቶ መቅረት ግን አይገባም። አማኑኤል ሰው የሚታከምበት ሆስፒታል ነው።

ችግሩ ምልልሱ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ያውም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ከባሕር ዳር 500ን ያልፋል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ሃያ ጊዜ መመላለስ ማን ይችላል? ስለዚህ አዲስ አበባን የምመክረው ለሦስት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛ፣ እዚያ ወራት የሚቀመጥበት ዘመድ ላለው። ሁለተኛ፣ እዚህ ያለው ሐኪም ራሱ ሪፈር ለጻፈለት። ሦስተኛ፣ አንዴ በደንብ ተመርምሮ፣ የሕክምና ዕቅዱን በወረቀት ይዞ ተመልሶ እዚህ ለሚከታተል። አንዴ ሄዶ፣ ኪኒን ይዞ፣ ያለ ክትትል መመለስ ግን ለመንገዱ የወጣውን ገንዘብ አያክልም።

ጠበልና የነፍስ አባት

ብዙዎቻችን ከሐኪም በፊት ጠበል እንሄዳለን። ሰከላ ግሽ ዓባይ ያለው የዓባይ ምንጭ ስንቱን ከሩቅ አገር ይጠራል። ጠበል አትሂዱ የሚል ምክር አልሰጥም፣ አላምንበትምም። ሰው በእምነቱ የሚያገኘው ተስፋ ለዚህ ሕመም ትልቅ ስንቅ ነው። ነገር ግን ለዚህ ሕመም ብቻ ልዩ የሆነ አደጋ አለ፣ ለአጥማቂዎቹም ቢነገራቸው እወዳለሁ።

ጠበል በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ብዙ ሰው ጠጥቶ ያስመልሳል፣ ማስመለሱም «ወጣለት» ተብሎ በደስታ ይታያል። አሁን ይህን ሆን ብላ ስታስመልስ በኖረች ልጅ ላይ አስቡት። ማስመለሱ የደሟን ፖታሲየም አውርዶታል፣ ልቧ በቋፍ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ብዙ ውኃ ጠጥታ ብታስመልስ ምንም መንፈሳዊ ነገር ሳይኖር ሰውነቷ ሊሸነፍ ይችላል። ሕመሙም ሽፋን ያገኛል፤ የምታስመልሰው በጠበሉ ነው ተብሎ ማንም አይጠይቃትም። ስለዚህ የምትሄዱ ከሆነ ለአጥማቂው «የሚያስመልሳት ሕመም አለባት» በሉት። በትንሹ ትጠጣ፣ መጠመቁ ይበቃል ቢባልም ይሁን። ከጠበሉ በኋላ ምግብ ትብላ። ሰውነቷ በጣም ከደከመ ወደ ጠበሉ መውጣቱ ራሱ ይቆይ። የሐኪም መድኃኒት ከጀመረች አታቋርጥ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ለዚህም ሕመም ያው ይሠራል።

የነፍስ አባት ግን ከሁሉም የተለየ ነገር ሊያደርግ ይችላል። ሐኪም «ጾሙን አቁሚ» ቢላት ልጅቷ በኅሊናዋ ትከሰሳለች፣ ወይም ጾሙን መከለያ ታደርገዋለች። የነፍስ አባቷ ግን «አንች ታመሻል፣ ለጊዜው የአንች ትእዛዝ መብላት ነው» ቢሏት ያ በር ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን ለጾም አታስገድድም፣ አባቶች ይህን ያውቃሉ። እናንተ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ነገሩን በዝርዝር አስረዷቸው፤ «ጾም አብዝታለች» ብቻ ብትሏቸው ሊያመሰግኗት ይችላሉ። ከሁሉም አማራጮች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ያለ ገንዘብ፣ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ንግግር ይመስለኛል። ከሐኪሙ ጋር አብሮ ሲሄድ ነው ታዲያ።

ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው የሚል ዘመድ ካለ ደግሞ አትጨቃጨቁ። ጎረቤት እስኪወነጀል ግን አትጠብቁ። «እሽ፣ ደሟን ግን እናስመርምር» በሉና ጉዞውን ቀጥሉ።

ቤት ውስጥ ማብላት

ልጁ ወይም ልጅቷ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ካሉና አኖሬክሲያ ከተባለ፣ ብዙ ማስረጃ ያለው ሕክምና ቤተሰብን መሣሪያ የሚያደርገው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለንደን ባለው ሞድስሊ ሆስፒታል ነው። ሐሳቡ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወላጆች ለጊዜው የምግቡን ውሳኔ ይረከባሉ። ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለውን እነሱ ይወስናሉ። አብረው ይቀመጣሉ፣ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፣ ከበሉ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል አብረው ይቆያሉ።

ከለመድነው «በሞቴ» የሚለየው እርጋታው ነው። ልመናም ቁጣም የለም። «አባትሽን ልትገድይ ነው?» አይባልም። ለእሷ በራሷ ሳህን ይቀርብላታል፣ መጠኑ እንዲታይ። ጉርሻ መስጠትና መቀበል ለጥቂት ወራት ይቆማል፤ ለእኛ ሰው ይህ ይከብዳል፣ ግን ያስፈልጋል። ስለ ሰውነቷ አስተያየት ጨርሶ ይቁም፣ «አማረብሽ፣ ወፈር አልሽ» የሚለው ምስጋናም ጭምር። እሷ የምትሰማው «ወፈርሽ» የሚለውን ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ያለ ባለሙያ ክትትል ለብቻው አይበቃም። ክብደቷን፣ የልብ ምቷንና የደም ግፊቷን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ቤቱ ራሱ የድብደባ ወይም የጭቅጭቅ ቤት ከሆነም አይሠራም፤ ያኔ አክስት ወይም ታላቅ እህት ጋ ማሳረፍ ይሻላል።

ተማሪ ከሆናችሁ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ቤተሰብ ሩቅ ነው። ነን ካፌ መሆን፣ ማለትም ከግቢው ካፌ ውጭ በራስ መመገብ፣ ደግሞ ለሕመሙ ይመቻል፤ በላችሁ አልበላችሁ የሚያይ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ካፌው ተመለሱ፣ ከአንድ የዶርም ጓደኛ ጋርም አብራችሁ ብሉ። ከግቢው ክሊኒክና ከምክር አገልግሎቱ የቱ ይቅደም ብትሉኝ፣ የምታስመልሱ ወይም የሚያዞራችሁ ከሆነ ክሊኒኩ ይቅደም። በመብላትና ባለመብላት ሐሳብ ብቻ የምትሰቃዩ ከሆነ አማካሪው። ጓደኛችሁ ከሆነች የታመመችው፣ «ሰውነትሽ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከበላን በኋላ ሁልጊዜ ብቻሽን ትወጫለሽ፣ አስቤልሻለሁ» ብትሏት ይሻላል። ብትቆጣም ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት።

በስልክ መታከም፣ የአመጋገብ አማካሪ፣ ጂም

በስልክ ወይም በቪዲዮ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር መንገድ ሲዘጋ ትልቅ ነገር ነው። ግን የልብ ምትና ደም በስልክ አይለካም፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ከሚደረግ የየሳምንት ምርመራ ጋር አጣምሩት። ኔትወርክም ይጠፋል፣ ሲጠፋ ማን ጋ እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በቴሌግራም ስለ መክሳት ከሚመካከሩ ግሩፖች ግን ዛሬውኑ ውጡ። የአመጋገብ ባለሙያ በሆስፒታሉ ቡድን ውስጥ ካለ ይጠቅማል። ዳይት የሚሸጥ ሰውና የጂም አሰልጣኝ ለዚህ ሕመም መነሻ አይሆኑም።

ስትሄዱ ምን ይባላል?

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ሐኪሙ ፊት ነው። «ምን ሆንሽ?» ሲባል «ሆዴን» ይላል። ስለዚህ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምታስመልሱ፣ የምትወስዱት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ካለ፣ የወር አበባ ከቀረ ስንት ወር እንደሆነው፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሳችሁ። መናገር ካቃታችሁ ወረቀቱን ዘርጉለት። ኩላሊቴን ወይም ሆዴን ብላችሁ አትሸፍኑት። እናት ወይም ታላቅ ወንድም አብሮ ከገባም፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻችሁን ከሐኪሙ ጋር እንድትነጋገሩ መጠየቅ ትችላላችሁ።

«ጨጓራ ነው» ከተባላችሁ እሽ በሉና ጨምሩ፦ «ሆን ብዬ ነው የማስመልሰው። ተኝቼና ቆሜ ግፊቴና የልብ ምቴ ይለካልኝ፣ ፖታሲየሜ ይታይልኝ፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ሪፈር ይጻፍልኝ።» ምርመራው እዚያ ከሌለ የት እንዳለ ይጻፍላችሁ። ሪፈሩን ስትቀበሉ ማኅተሙ መኖሩን እዩ፣ ያለ ማኅተም ሆስፒታል ካርድ ክፍል ይመልሷችኋል። የሚቀጥለውንም ቀጠሮ ከክፍሉ ሳትወጡ በካርዳችሁ ላይ አጽፉ፣ ቀኑ ደግሞ ከአንድ ሳምንት ባይርቅ ይመረጣል።